ጥርስ ያለው ቺንጋ፦ ታሪኩና በመካኒኩ ላይ የጣለው ኃላፊነት

በአንድ የመኪና ሞተር ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል ዋጋው አነስተኛ፣ ክብደቱ ቀላል፣ ነገር ግን በተበጠሰ ጊዜ የሚያስከትለው ጉዳት እጅግ ከባድ የሆነው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ አብዛኛዎቹ የማኅበራችን አባላት ታይሚንግ ቤልት የሚባለውን ጥርሳም ቺንጋ እንደሚጠሩ አያጠራጥርም። ይህ ዕቃ በየጋራዡ በየዕለቱ የሚፈታና የሚታሰር ቢሆንም፥ ከየት እንደመጣ፣ ስለምን የብረቱን ካቴና ሊተካ እንደቻለ፣ እንዲሁም በሙያችን ላይ ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደጣለ በጽሑፍ ሲነገር ብዙ አይሰማም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ታሪክ በአጭሩ ማቅረብና ከታሪኩ የሚገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለት ዘንጎች ስምምነት

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ባለ አራት ምት ሞተሩን በሥራ ላይ ካዋለ ጊዜ ጀምሮ አንድ ችግር ከሞተር ሠሪዎች ተለይቶ አያውቅም። ይኸውም በጋራዦቻችን ኮሎ የሚባለው የክራንክ ዘንግ ሁለት ዙር ሲዞር፥ ቫልቮችን የሚከፍተውና የሚዘጋው የካም ዘንግ አንድ ዙር ብቻ መዞር ያለበት መሆኑ ነው። ፒስተኑ መሳብ፣ ማመቅ፣ መቃጠልና ማስወጣት የተባሉትን አራት ተግባራት የሚፈጽመው ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ስለሆነ፥ እያንዳንዱ ቫልቭ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር አንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 25 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘው ዕቃ ኃይል ማስተላለፉ ብቻ በቂ አይደለም፤ ሳይንሸራተትና ሳይዘገይ ማስተላለፍ አለበት። የቬንትሌተር ቺንጋ በመጠኑ ቢንሸራተት ከማፏጨት አልፎ የሚያመጣው ፈጣን ጥፋት የለም። በኮሎና በካም ዘንግ መካከል ግን የአንድ ጥርስ ያህል መዛነፍ እንኳ አይፈቀድም። ለምሳሌ በኮሎው ላይ ያለው ፑሊ 20 ጥርስ ያለው ቢሆን፥ አንድ ጥርስ ሲዛነፍ የኮሎው 18 ዲግሪ ይዛነፋል። ይህም ሞተሩ ጉልበት እንዲያጣ፣ ነዳጅ እንዲያባክንና ከመጠን በላይ እንዲሞቅ ያደርገዋል፤ መዛነፉ ሁለትና ሦስት ጥርስ ሲሆን ደግሞ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑና ቫልቩ እስከ መጋጨት ይደርሳሉ።

ከቺንጋው በፊት

ቀደምት ሠሪዎች ይህን ስምምነት ለመጠበቅ የተማመኑት በብረት ነበር። የካም ዘንጉ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ከኮሎው አጠገብ ስለሚቀመጥ፥ ሁለት ጥርሳም መንኮራኩሮችን ማናከስ ብቻ ይበቃ ነበር። በ1908 መሠራት የጀመረው ፎርድ ሞዴል ቲ የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው፤ አገራችን በሚገባ የምታውቀው የቮልስዋገን ቢትልም የካም ዘንጉን የሚያዞረው በዚሁ ዓይነት ነበር። ከጥርሳም መንኮራኩር ሌላ የቀረበው አማራጭ ካቴና ነው። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ስዊስ ተወላጁ ሃንስ ሬኖልድ በ1880 የፈለሰፈው ባለ ሮለር ካቴና፥ በፊት ለፋብሪካ መኪናዎችና ለብስክሌት፣ በኋላም ለመኪና ሞተር አገልግሎት ውሏል።

ችግሩ የተባባሰው የካም ዘንጉ ከሞተሩ ሆድ ወጥቶ ወደ ቴስታታው ራስ ሲወጣ ነው። ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች ከታች ወደ ላይ ከመግፋት ይልቅ የካም ዘንጉን ከበላያቸው ማስቀመጥ ሞተሩ በፍጥነት እንዲዞር ስለሚያስችል፥ የእሽቅድድም መኪና ሠሪዎች ዘዴውን ቀድመው ያዙት። በ1912 ለፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ የቀረበው ፔዦ ከቴስታታው በላይ ሁለት የካም ዘንጎች ነበሩት። ይሁን እንጂ ኮሎውና የካም ዘንጉ በተራራቁ መጠን የሚያገናኛቸው ዕቃ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ቁመት ያለው ዘንግና በማዕዘን የሚናከሱ ጥርሶች እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ናቸው። ረጅም ካቴና በበኩሉ ዘይት ይፈልጋል፣ ይንጫጫል፣ እያደርም ይላላል። በ1948 ለሕዝብ የታየው የጃጓር ኤክስ ኬ ሞተር ሁለቱን የካም ዘንጎች ለማዞር ካቴናውን በሁለት ደረጃ መክፈል አስፈልጎታል። በዚህም ምክንያት ከቴስታታ በላይ የሚቀመጥ የካም ዘንግ ለረጅም ዘመን የውድ መኪኖች ጌጥ ሆኖ ቆየ።

ከልብስ ስፌት መኪና የመጣ ሐሳብ

መፍትሔው የመጣው ከመኪና ፋብሪካ ሳይሆን ከልብስ ስፌት መኪና መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በየከተማችን በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊዎች በእግራቸው የሚያዞሩትን የሲንጀር መኪና የማያውቅ የለም። በዚያ መኪና ላይ ከታች ያለውን ትልቅ መንኮራኩር ከላይኛው ጋር የሚያገናኘው ጠፍር ቢንሸራተት ሰፊው ትንሽ ቆም ብሎ ያጠብቀዋል እንጂ ጉዳት አይደርስም። ነገር ግን በዚያው መኪና ውስጥ መርፌውና የታችኛውን ክር የሚይዘው ክፍል እርስ በርሳቸው በትክክለኛ ጊዜ መገናኘት አለባቸው፤ አንዱ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ስፌቱ አይያያዝም። የመርፌውና የታችኛው ክር ጉዳይ የቫልቩና የፒስተኑ ጉዳይ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

በ1940ዎቹ በአሜሪካ የጊልመር ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሪቻርድ ኬዝ ለዚህ የሚሆን ጥርሳም የጎማ ቺንጋ ሠራ። ቺንጋው በሲንጀር የስፌት መኪናዎች ላይ ዋለ፤ ለብዙ ዘመንም በፈጣሪው ኩባንያ ስም የጊልመር ቺንጋ እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። የፈጠራው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ የካቴናን አለመንሸራተት ከጎማ ጸጥታና ቅለት ጋር አዋሐደ። የቺንጋው ጥንካሬ ያለው በጎማው ውስጥ አይደለም፤ በጎማው ውስጥ ተጋድመው ርዝመቱን የሚጠብቁት ክሮች ናቸው የሚሸከሙት። ከጊዜ በኋላ ለመኪና ሞተር በተሠሩት ቺንጋዎች እነዚህ ክሮች የመስታወት ጭረት ሲሆኑ፥ ጥርሶቹ ከመፋቅ እንዲድኑ በናይለን ጨርቅ ይሸፈናሉ።

ወደ መኪናው ሞተር

ጥርሳሙን ቺንጋ ለካም ዘንግ የተጠቀመበት የመጀመሪያው ሰው በትንሽ አውደ ጥናት የሚሠራ ባለሙያ ነበር። በካሊፎርኒያ ቢል ዴቪን የተባለው የእሽቅድድም መኪና ሠሪ በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ የፓናር ሞተር ለውጦ የካም ዘንጉን ከላይ ሲያስቀምጥ፥ ያገናኘው በጊልመር ቺንጋ ነው። በብዛት ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ የዋለው ግን በ1962 መመረት በጀመረው ግላስ 1004 ነው። ሃንስ ግላስ በባቫርያ፣ በዲንጎልፊንግ ከተማ የእርሻ መሣሪያ ከመሥራት ተነሥቶ ወደ ስኩተርና ወደ ትንንሽ መኪና የተሸጋገረ ኩባንያ ነበር። የ1004 ሞተር አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፥ ትንሹ ኩባንያ ትልልቆቹ ያልደፈሩትን በመድፈሩ የታሪክ ባለቤት ሆኗል። ሆኖም ገንዘቡ ስላልበቃው በ1966 በቤ ኤም ቬ ተጠቃለለ።

በዚያው በ1966 ትልልቆቹም ተከተሉ። በአሜሪካ ፖንቲያክ ስድስት ሲሊንደር ያለውን ሞተር በጥርሳም ቺንጋ አቀረበ። በጣሊያን ደግሞ ቀድሞ የፌራሪ ሞተሮችን ሲነድፍ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ለፊያት 124 ስፖርት ሁለት የካም ዘንጎች ያሉት ሞተር በቺንጋ ሠራ። ይህ ድርጊት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ለሀብታምና ለተወዳዳሪ ብቻ ይሰጥ የነበረውን ዓይነት ሞተር ተራው ገዢ ሊደርስበት ወደሚችል ዋጋ አወረደው። በ1969 የወጣው ፊያት 128 ሞተሩ ወደ ጎን የተጋደመ፣ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞር፣ በቺንጋ የሚሠራ ትንሽ የቤተሰብ መኪና ሆኖ ከእርሱ በኋላ ለመጡት ብዙዎች ምሳሌ ሆነ። በ1972 በአውዲ 80፣ በ1974 በቮልስዋገን ጎልፍ የታየው ሞተርም የዚሁ ወገን ነው። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ በድንገት ሲንር ትንሽና ቀላል ሞተር የሁሉም ፍላጎት ስለሆነ፥ ቺንጋው በኤውሮፓና በጃፓን ፋብሪካዎች በሰፊው ተዛመተ። በ1973 ፌራሪ ራሱ ባለ 12 ሲሊንደር የመንገድ መኪናውን በጥርሳም ቺንጋ ማቅረቡ ዕቃው ምን ያህል ክብር እንዳገኘ ያሳያል።

የተሸጋገረው ሸክም

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቺንጋው ዘይት አይፈልግም፤ ስለዚህ ዘይት የማያሳልፍ ውድ የብረት ቤት ሳይሠራለት በቀላል ክዳን ይሸፈናል። አይንጫጫም፤ ዋጋውም ከካቴና ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጥቅም ውስጥ አንድ ብዙ ያልተነገረለት ለውጥ ነበር። ካቴና የሞተሩን ዕድሜ ያህል እንዲቆይ ታስቦ ሲሠራ፥ ቺንጋ ግን ከመጀመሪያው የሚለወጥበት ቀን ተቆርጦለት ይሠራል። ስለዚህ ፋብሪካው ያቃለለው ወጪና ጥንቃቄ አልጠፋም፤ ከፋብሪካው ወደ ባለ መኪናውና ወደ መካኒኩ ተሸጋገረ እንጂ።

ሁለተኛው ልዩነት በማስጠንቀቂያው ላይ ነው። ካቴና ሲላላ ይጮኻል፤ ልምድ ያለው ጆሮ ከሩቅ ይለየዋል። ቺንጋ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይናገር ይበጠሳል። በእርግጥ የተሰነጠቀ ጀርባ፣ የተላጠ ጨርቅ፣ ዘይት የነካው ጥርስ ለተመለከተ ሰው ይታያል፤ ነገር ግን ከክዳኑ ሥር ስለሆነ ማን ይመለከተዋል? በተበጠሰ ጊዜ የካም ዘንጉ ባለበት ይቆማል፤ ኮሎው ግን በራሱ ግፊት መዞሩን ይቀጥላል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ክፍት ሆኖ የቀረው ቫልቭ ከፊቱ ይገኛል። በአንዳንድ የቤንዚን ሞተሮች በመካከላቸው በቂ ክፍተት ስላለ ጉዳት አይደርስም፤ በናፍጣ ሞተር ግን አየሩ እጅግ መታመቅ ስላለበት ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ቫልቭ ይጣመማል፣ አልፎ አልፎም ፒስተንና ቴስታታ ይሰበራሉ።

ኪሎ ሜትሩ በቁጥር ሲታሰብ የቺንጋው ድካም ይበልጥ ይገባናል። አንድ መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ዙር ቢዞር፥ በአንድ ኪሎ ሜትር 1,800 ዙር ይዞራል። በ100,000 ኪሎ ሜትር 180 ሚሊዮን ዙር ይሆናል። በተጨማሪም ጎማ በሙቀትና በዕድሜ ስለሚደርቅ፥ አምራቾች የሚያዙት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም ጭምር ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል።

ምልክቶቹና የሁለቱ ዙር ሕግ

ጥርሳሙ መንኮራኩር በነበረበት ዘመን በፋብሪካ የተመታውን የማጋጠሚያ ነጥብ መካኒኩ የሚያየው ሞተሩ በሙሉ ሲፈታ ብቻ ነበር። በቺንጋው ዘመን ግን ምልክት ማንበብ የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። ሥርዓቱ በየሞተሩ ቢለያይም፥ መሠረተ ሐሳቡ አንድ ስለሆነ ምክንያቱን አብሮ መመልከት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ገመድ ተፈትቶ፣ ኮሎው በእጅ በተለመደው የአዟዟር አቅጣጫው ይዞርና አንደኛው ፒስተን የላይኛው ጫፍ ላይ እንዲደርስ ይደረጋል። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር የካም ዘንጉ አንድ ጊዜ ስለሚዞር፥ የኮሎው ምልክት ገጠመ ማለት የካም ዘንጉም ገጥሟል ማለት አይደለም፤ ተቃራኒ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ምልክቶች በአንድ ጊዜ መታየት አለባቸው። ከዚያ መወጠሪያው ላልቶ ቺንጋው ከወጣ በኋላ፥ ሁለቱም ዘንጎች ለየብቻቸው እንዳይዞሩ ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ቺንጋው ሲወጣ የሚታየው ሌላ ነገር ሁሉ መመርመር አለበት። የመወጠሪያው ኩሽኔታ ሲዞር የሚሻክር ከሆነ፣ የኮሎው ወይም የካም ዘንጉ ዘይት ከላካይ ቀለበት የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ የውሃ ፓምፑም በዚያው ቺንጋ የሚዞር ሆኖ ያረጀ ከሆነ፥ አዲስ ቺንጋ ብቻ አስሮ መዝጋት ሥራውን በግማሽ መተው ነው። ብዙ ጊዜ ቺንጋውን የሚበጥሰው የራሱ እርጅና ሳይሆን የተጣበቀ ኩሽኔታ ወይም የፈሰሰ ዘይት ነውና።

አዲሱ ቺንጋ መታጠፍም ሆነ መጠምዘዝ የለበትም፤ ውስጡ ያለው የመስታወት ጭረት ከታጠፈ ከውጭ ሳይታይ ይሰበራል። ሲታሰር ከኮሎው ይጀመርና የሚሳበው ወገን ያለ አንዳች መላላት ተወጥሮ እንዲሄድ፣ የቀረው መላላት ሁሉ በመወጠሪያው በኩል እንዲሰበሰብ ይደረጋል። ይህ ካልሆነ መወጠሪያው ሲለቀቅ የካም ዘንጉን ስቦ ምልክቱን ያዛንፈዋል። ስለ ውጥረቱ ቀደምት መካኒኮች ረጅሙን ወገን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠምዝዘው ሩብ ዙር ያህል ከዞረ በቂ ነው ይሉ ነበር፤ የዛሬዎቹ ሞተሮች ግን የአምራቹ መመሪያ ያዘዘውን መጠን ይፈልጋሉ።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ይመጣል፦ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ኮሎው በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ሁለት ዙር የተባለበት ምክንያት የካም ዘንጉ አንድ ሙሉ ዙር ፈጽሞ ወደ መነሻው የሚመለሰው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። ምልክቶቹ ተመልሰው ከገጠሙ ሥራው ትክክል ነው። በመካከል እጅን የሚከለክል ነገር ከተሰማ መግፋት አይገባም፤ በዚያች ቅጽበት ፒስተኑ ቫልቩን ነክቶታል። እጅ የሚያቆመውን ስሕተት የማስነሻው ሞተር አያቆመውም። ጥቂት ደቂቃ የሚወስደው ይህ ሥራ የሙያው የሕሊና ፈተና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአገራችን

በአገራችን የመካኒክ ቋንቋ ውስጥ ቺንጋ፣ ካቴና፣ ቴስታታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ታይሚንግ ቤልት ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ቀርቷል፤ ይህም ዘግይቶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ይመሰክራል። የቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ፊያት 600ዎቹም ሆኑ በየገጠሩ የተመላለሱት ቢትሎች ጥርሳም ቺንጋ አያውቁም ነበር። ከእነርሱ በኋላ ከመጡት ላዳዎች አብዛኛዎቹ ባለ ካቴና ሲሆኑ፥ የ2105 ሞተር ግን በቺንጋ ተሠርቷል። እንግዳው ቤተኛ የሆነው ይበልጡን በጃፓን መኪኖች ነው። በ1990 የወጣውና በገጠር ሥራ ላይ በሰፊው የተሰማራው ባለ 4.2 ሊትር የላንድ ክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር ጥርሳም ቺንጋ አለው፤ ጊዜው ሲደርስም በነጂው ፊት ያለው የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል።

ስለዚህ መብራት ይህ ጸሐፊ ያየውን መጥቀስ ይገባዋል። አንድ መሥሪያ ቤት የነበረው ላንድ ክሩዘር ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ በድንገት ቆመ። ተጎትቶ ከመጣ በኋላ ሲፈታ ቺንጋው ተበጥሷል፤ ቫልቮቹም ተጣመዋል። ነጂው መብራቱ ከወራት በፊት በርቶ እንደነበረ፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሲወጣም እንደጠፋ ተናገረ። እውነት ነው፤ መብራቱ ጠፍቷል፤ ቺንጋው ግን አልተለወጠም። መብራት ማጥፋት ቺንጋ ከመለወጥ ይቀላልና። በጋራዡ ዘንድ የተሠራው ሥራ የተጻፈበት አንዲት ወረቀት እንኳ ስላልነበረ፥ ማን እንዳጠፋው ማወቅ አልተቻለም። ለጥገናው የወጣው ገንዘብ የቺንጋውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የሰውን ክፉነት ሳይሆን የመዝገብን ጥቅም ነው። ወደ አገራችን የገቡት መኪኖች አብዛኛዎቹ በሌላ አገር ያገለገሉ ስለሆኑ ቺንጋቸው መቼ እንደተለወጠ የሚናገር የለም። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ስለሚዞር፥ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የቺንጋውን ድካም አይነግረንም። እንዲህ በሆነበት አገር የተለወጠበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በወረቀት ጽፎ በክዳኑ ላይ መለጠፍ፥ ከሥራው እንደ አንዱ ክፍል መቆጠር ይገባዋል።

የካቴናው መመለስ

በቺንጋው ላይ የቀረበው ቅሬታ ሠሪዎቹንም አሳስቧቸዋል። በ1970ዎቹ የጥርሱ ቅርጽ ከማዕዘናም ወደ ክብ ተለወጠ፤ በ1980ዎቹ ሙቀትን የሚችል አዲስ ዓይነት ጎማ ተገኘ፤ የአገልግሎት ዘመኑም ተራዘመ። ይሁን እንጂ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ አምራቾች ወደ ካቴና ተመልሰዋል፤ በ1999 የወጣችውና ዛሬ በከተሞቻችን የሞላችው ቶዮታ ቪትዝ ባለ ካቴና ናት። ሌሎች ደግሞ ቺንጋውን በዘይት ውስጥ አስገብተው ዕድሜውን ለማስረዘም ሞከሩ። በ2012 የወጣው የፎርድ ባለ አንድ ሊትር ኢኮቡስት ሞተር የዚህ ምሳሌ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ቺንጋው በዘይቱ እየተበላ ስብርባሪው የዘይት ፓምፑን ወንፊት ሲደፍን ስለታየ፥ ዘዴው ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ካቴናም ቢሆን ዘይቱ በጊዜው ካልተለወጠ ይላላል፤ ይዘላል። ከጥንቃቄ ነጻ የሚያወጣ ዕቃ እስካሁን አልተሠራም።

ማጠቃለያ

በ2024 አገራችን በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ ሞተር ቫልቭም ሆነ የካም ዘንግ ስለሌለው የቺንጋው ታሪክ ወደ ፍጻሜው እየተቃረበ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ነገር ግን ይህ የመካኒኩን ኃላፊነት አያቃልለውም፤ ያከብደዋል እንጂ። አሁን በመንገድ ላይ ያሉት የቤንዚንና የናፍጣ ሞተሮች እንደ ልብ የሚተኩ ስላልሆኑ፥ በአንድ ቺንጋ ቸልታ የሚጠፋ ሞተር ከቀድሞው የበለጠ ኪሳራ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ልብስ ሰፊው መርፌውና የታችኛው ክር መገናኘታቸውን ለማረጋገጥ ጨርቁን ከማስገባቱ በፊት መንኮራኩሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል። ቺንጋው ከልብስ ስፌት መኪና ወደ መኪና ሞተር ሲሻገር ያ ልማድም አብሮት ተሻግሯል። ሁለቱን ዙር በእጁ ሳያዞር ቁልፍ የማይነካ፣ የሠራበትንም ቀን ሳይጽፍ ክዳኑን የማይዘጋ መካኒክ፥ ፋብሪካው በትከሻው ላይ ያኖረውን ሸክም በሚገባ ተሸክሟል።